የቤት ቁጥር የሌለው ጎንደሬ

ድብ ባሕር ድብም ባሕርም የለባትም። ከደባርቅ ተነስቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ‹‹እፎይ!›› የሚልባት፣ ከጎንደር ወደ ሽሬ በሚያልፈው መንገድ ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። ሽቅብ ቢያዩ ገደል ነው፤ ቁልቁል ቢያዩ የዛሪማ ቆላ። ልጆቿ ጎልመስ ሲሉ ግን ዐይናቸው ሽቅብ ሽቅብ ያያል። መጀመሪያ ደባርቅ፣ ቀጥሎ ዳባት፣ መጨረሻ ጎንደር።

ጎንደር ሰባት ዓመት የኖረ አንድ የድብ ባሕር ልጅ አውቃለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። የሰው ባጃጅ ይነዳል። ስሙን አልጽፈውም፤ ‹‹ቢጽፉትስ ማን ያውቀዋል?›› ባዩ እሱ ራሱ ነው። ደንበኛው ነኝና መንገድ ላይ እንጨዋወታለን። ብዙውን ጊዜ የምንጨቃጨቀው በታሪክ ነው። መቼም የድሮ መምህር አፉን መያዝ አይሆንለትም፤ በግንቡ አጥር ባለፍን ቁጥር አንድ ነገር ጣል ሳላደርግ አልቀርም። አንድ ቀን ታዲያ እንዲህ አለኝ፦

‹‹ጋሼ፣ አንቱ ሁሌ ስለ ፋሲል ያወራሉ። እስቲ ይንገሩኝ፤ ውሃውን ማን ነበር የሚቀዳለት?››

ጥያቄው የዋዛ ይመስላል እንጂ የዋዛ አይደለም። ‹‹የጎንደር ታሪክ›› ብለን የምናስተምረው ግንቡን ማን እንዳሠራ ነው። ውሃውን ማን እንደቀዳ፣ ከሩቅ የመጣ ሰው የት እንዳደረ፣ ቤት ማን ለማን እንደሸጠ የምንናገረው ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚያ ጥቂት ነገር እናውጋ። አስቀድሜ ግን ልጁ ስለ ከተማ ኑሮ የሚለውን ልንገራችሁ። ያለሱ የታሪኩ ወሬ ጨው የሌለው ወጥ ይሆናል።

ለሱ የከተማ ጣጣ ሁሉ የሚጀምረው ከቤት ነው። የሚኖረው ከአንድ ግቢ ጥግ በተቀጠለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የኪራይ ጭማሪ ሊመጣ ሲል ምልክት አለው ይላል፤ አከራይዋ ‹‹ዘንድሮስ ኑሮው እንዴት ነው ጃል!›› ማለት ይጀምራሉ። ከዚያ ደንቡ አለ። እንግዳ አይደር። መብራት ከአራት ሰዓት በኋላ ይጥፋ። ልብስ በሳምንት አንድ ቀን ይታጠብ። በር ቀስ ብሎ ይዘጋ። ‹‹በእኛ አገር አዲስ ቤት የገባ ሰው ‘ቤት ለእምቦሳ’ ይባላል። እሱም ‘እምቦሳ እሰሩ’ ብሎ ይመልሳል። እኔ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ቤት ቀይሬያለሁ፤ አንድም ሰው ‘ቤት ለእምቦሳ’ ብሎኝ አያውቅም። ቢለኝስ ምን ዋጋ አለው? እምቦሳ ቀርቶ ጫጩት የሚፈቅድ አከራይ የለም።››

ቀጥሎ ውሃ ነው። ውሃው በፈረቃ ነው ይባላል፤ ፈረቃው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ቧንቧው ብቻ ነው። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ‹‹መጣች!›› የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሰፈሩ በሙሉ ጀሪካን ይዞ ይነሳል። መጀመሪያ የአከራይዋ ሮቶ ይሞላል፤ ተከራዮች በገቡበት ዘመን ተራ ይሰለፋሉ። እሱ የመጨረሻው ነው። ተራው ሲደርስ ቧንቧው አየር ይተነፍሳል። ያን ሳምንት ውሃ ከጋሪ ይገዛል።

ሥራውስ? ባጃጁ የሰው ስለሆነ ለባለቤቱ በየቀኑ የሚገባ ገንዘብ አለ። የተረፈው የሱ ነው። በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. በጎንደርና በሌሎች አምስት ከተሞች ሰዓት እላፊ ሲደነገግ፣ የማታው ገቢ ቀረ። ‹‹ለባጃጅ ሰዓት እላፊ አለው፤ ለኪራይ ግን የለውም›› አለኝ። የሞባይል ኢንተርኔቱም ለወራት ተቋርጦ ነበርና ከጓደኞቹ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ጠፋ። መኪና በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ እናቱ የሚልኩለት ሽሮ ደባርቅ ላይ ይቀራል።

አከራይዋን ግን አይጠላቸውም። በ2013 ክረምት ጦርነቱ በአዲ አርቃይ በኩል እስከ ሊማሊሞ ሲደርስ፣ ያገሩ ሰው ወደ ደባርቅና ወደ ጎንደር ሲጎርፍ፣ ያቺ እንግዳ የማይታደርባት ክፍል ሰባት ሰው አሳድራለች። ሴትዮዋ ያን ጊዜ ስለ ደንብ ትንፍሽ አላሉም። እንዲያውም ከጓዳቸው ፍራሽ አወጡ። ‹‹ክፉ አይደሉም›› ይላል፤ ‹‹ኪራይ ነው ሰውን እንዲህ የሚያደርገው።››

ከሁሉም የሚያንገበግበው መታወቂያው ነው። በከተማው ነዋሪ ለመባል ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣት አለበት፤ እዚህ ደግሞ የቤት ቁጥር ማሳየት አለበት። የቤት ቁጥሩ ያለው አከራይ እጅ ነው። አከራይ ደግሞ ይፈራል። አንዱ የኪራይ ግብር ይፈራል፤ ሌላው ‹‹ነገ ቤቱ የኔ ነው ቢልስ›› ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ልጁ ሰባት ዓመት ሙሉ ጎንደር ውስጥ እየኖረ መታወቂያው የድብ ባሕር ነው። ፍተሻ ላይ ‹‹እዚህ ምን ትሠራለህ?›› ይባላል። ‹‹ፋይዳ አውጥቻለሁ›› አለኝ በቅርቡ፤ ‹‹ፋይዳ ሰው መሆኔን ይመሰክርልኛል። ጎንደሬ መሆኔን ግን አይመሰክርልኝም።››

ይህን ሁሉ ከዘረዘረ በኋላ የሚደመድመው ‹‹ድሮ ግን ጎንደር ለመጤ ትመች ነበር፤ ያበላሿት የዛሬዎቹ ናቸው›› ብሎ ነው። እዚህ ላይ ነው የማልስማማው።

ከቃሉ እንጀምር። ‹‹ከተማ›› የሚለው ቃል የወጣው ‹‹ከተመ›› ከሚለው ነው፤ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ ማለት ነው። ‹‹ሰፈር›› ደግሞ ‹‹ሰፈረ›› ከሚለው ነው። ሁለቱም የድንኳን ቃላት ናቸው። ነገሥታቱ ከቦታ ቦታ ሲዘዋወሩ የንጉሡ ድንኳን መካከል ላይ ይተከላል፤ ከዚያ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ፣ ማን በፊት፣ ማን በኋላ እንደሚሰፍር የታወቀ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ያለውን ኮረብታ መርጠው ሲቀመጡ፣ ድንኳኑን በድንጋይ ተኩት እንጂ የአሰፋፈሩን ሐሳብ አልተዉትም። አቡኑ አቡን ቤት፣ እጨጌው እጨጌ ቤት፣ መኳንንቱ በየጉልታቸው፣ ካህናቱ በየደብራቸው ዙሪያ። በዚያች ከተማ ‹‹ቤትህ የት ነው?›› ከማለት ይልቅ ‹‹የማን ነህ?›› ማለት ይቀል ነበር። የእገሌ አሽከር፣ የእገሌ ወታደር፣ የእገሌ ደብር አገልጋይ። የማንም ያልሆነ ሰው መጠጊያው አንድ ነበር፤ ወንጀለኛ እንኳ ቢሆን ገብቶ የሚማፀንበት እጨጌ ቤት።

የማን እንደሆነ የታወቀውም ቢሆን የፈለገበት አይሰፍርም። በ1660 ዓ.ም.፣ በዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ የቤተ መንግሥቱና የቤተ ክህነቱ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ከኮረብታው ግርጌ ያለው አዲስ ዓለም የሙስሊሞች ሰፈር ሆኖ የታወቀው በዚህ ነው። የከተማዋን ንግድ ከምጽዋም ከሱዳንም በቅሎና ግመል እየጎተቱ ያቆሙት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። ቤተ እስራኤሎችም ተለይተው ይኖሩ ነበር፤ ድንጋይ በመጥረብ፣ ብረት በመቀጥቀጥ፣ ሸክላ በመሥራት ለከተማዋ መቆም እጃቸው ብዙ ነው። ከድብ ባሕር የሚመጣ አውቶቡስ ጎንደር ሊገባ ትንሽ ሲቀረው የሚያልፋት ወለቃ የነሱ መንደር ነበረች። ግንብ የሚሠራ እጅ ማታ የሚገባው ከግንቡ ራቅ ወዳለ ጎጆ ነበር።

እንግዲህ የልጁን ጥያቄ እንመልስ። ውሃውን የቀዱት ሴቶችና ባሮች ናቸው። ኮረብታው ለጠላት አይመችም ተብሎ ተመረጠ፤ ውሃው ግን ያለው ግርጌ ነው። ለንጉሡ መከላከያ የሆነው ኮረብታ ለእንሥራ ተሸካሚዋ ዳገት ሆነ። የፋሲል መዋኛ ዛሬም ለጥምቀት የሚሞላው በቀሃ ውሃ ነው። የጥምቀቱን ዕለት ካሜራ የያዘ ሁሉ ያየዋል፤ በሌላው ቀን ዳገቱን የወጣችውን ያያት የለም። ‹‹በዚያ ዘመን ብትኖር ኖሮ እንሥራ የምትሸከመው እናትህ ነበረች›› አልኩት። ‹‹አሁንም እናቴ ትሸከማለች›› አለኝ።

የውጭ ተጓዦች የጻፉትን ብናይም ‹‹የምትመች›› ከተማ አናገኝም። በ1691 ዓ.ም. ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ ቤቶቹ ባለ አንድ ደርብ እንደሆኑ፣ እንደ ፈረንጅ አገር ያለ ሱቅ እንደሌለና ንግዱ በአደባባይ ላይ እንደሚካሄድ ጽፏል። በየካቲት 1762 ዓ.ም. የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ በሰላም ጊዜ ከተማዋ አሥር ሺህ ያህል ቤተሰብ እንዳላት ገምቷል፤ ቤቱም በብዛት የጭቃ፣ ጣሪያውም የሣር ነው ይላል። ብሩስ ሲደርስ ከተማው ውስጥ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። የእቴጌ ምንትዋብን ቤተሰብ በቁስቋም ያከመው ያን ጊዜ ነው። ከቁስቋም ግቢ ውጪ ያለውን ያገሬ ሰው ማን እንዳከመው ግን አልተጻፈም። ሌላም የጻፈው አለ፤ በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የተገደሉ ሰዎች ሬሳ በየአደባባዩ ይጣል ስለነበር ማታ ማታ ጎዳናው የጅብ ነበር። ሰዓት እላፊ እንግዲህ በጎንደር አዲስ አይደለም። ያን ጊዜ የሚያስከብረው ጅብ ነበር።

ይህን ስል ከተማዋ ለድኻ መጤ በሯን ሁሉ ዘግታ ነበር ማለቴ አይደለም። አንድ በር ነበራት፤ እሱም የቆሎ ተማሪ በር ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ ውሻ እየተከላከለ ይመጣል። አቋቋም የፈለገ በአታ ይሄዳል፤ ትርጓሜ የፈለገ ወደ ትርጓሜው መምህር። ከመምህሩ ደጅ አጠገብ በእጁ ጎጆ ይቀልሳል። ኪራይ የለም፤ መሸኛ የለም። ‹‹በእንተ ስማ ለማርያም›› ሲል የምትሰጠው ሴት አገርህ የት ነው አትለውም። የተማሪው ረሃብ የከተማዋ ዕዳ ነበር። ጎንደር የሊቃውንት አገር የተባለችው ንጉሥ ስላነገሠች ብቻ አይደለም፤ የማታውቀውን ልጅ ስላበላች ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር ካልን ያም በር ቢሆን ለሁሉም አልነበረም። ለሴት ልጅ አልተከፈተም፤ ለቀጥቃጭና ለሸክላ ሠሪ ልጅም አልተከፈተም።

ቤት መግዛትና መሸጥም የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። በ18ኛው ምዕት ዓመት ጎንደሬዎች ቦታና ቤት ይሻሻጡ ነበር። ውሉ የሚጻፈው በደብሩ መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ነው። ወንጌሉ ባለበት ብራና ላይ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ገዢው ማን እንደሆነ፣ ዋጋው በወርቅ ስንት እንደሆነ፣ ማን ማን እንደመሰከረ ይሰፍራል። ዶናልድ ክረሚ የተባሉት የታሪክ ምሁርና ኢትዮጵያውያን የሙያ ባልደረቦቻቸው እነዚህን ጽሑፎች እየሰበሰቡ አጥንተዋቸዋል። ከነሱ የምንማረው አንዱ ደስ የሚል ነገር፣ ሴቶች በስማቸው ሲገዙ፣ ሲሸጡ፣ ሲሟገቱ መታየታቸው ነው።

በነዚያ ውሎች ውስጥ ከዋጋው ይልቅ የሚገርመኝ የምስክሮቹ ዝርዝር ነው። አንድ ቤት የአንድ ሰው የሚሆነው ገንዘብ ስለተከፈለበት ብቻ አልነበረም፤ ጎረቤት ‹‹አውቀዋለሁ፣ እዚህ ይኖራል›› ብሎ ስለመሰከረም ነው። መዝገቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ምስክሩ ጎረቤት ቤት። ዳሩ ምን ያደርጋል፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን ዘርፈው ሲያቃጥሉ የየአድባራቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዞች መቅደላን ሰብረው ብዙውን ወደ ለንደን ወሰዱት። ስለዚህ የአንዳንድ ጎንደሬ ቅድመ አያት የቤት ውል ዛሬ ያለው በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። በጥር 1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ገብቶ የተረፈውን አቃጠለ። ሁለት ጊዜ የተቃጠለች ከተማ ግንቧ ይተርፋል፤ ድንጋይ ነውና። የሣር ክዳኑ ግን ከነባለቤቱ ይጠፋል። ዛሬ ጎንደርን ስናስብ ግንብ ብቻ የሚታየን አንድም ለዚህ ይመስለኛል።

መጋቢት 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ገባ። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለው አርክቴክት ለከተማዋ ፕላን ነደፈ። ፒያሳው፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው፤ ያማሩ ናቸው፤ ማን ይክዳል? ግን ፕላኑ ነጩን ከጥቁሩ የለየ ነበር። ፋሲል በማዕረግ፣ ዮሐንስ በሃይማኖት ያሰፈሩትን ከተማ ጣሊያን በቆዳ ቀለም ሊያሰፍረው ሞከረ። ሊማሊሞን ፈልፍሎ ያለፈው መንገድም የዚያን ጊዜ ነው። ከገደሉ አናት ወልቀፊት ላይ የመሸገው ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም ኅዳር 18 ቀን ነጻ ወጣች። ለመድፍ የተቆረጠው መንገድ ግን ቀረ። የድብ ባሕርን ልጅ ከጎንደር ጋር ያስተዋወቀው እሱ ነው።

ከነጻነት በኋላ ከተሠራው አንዱን ብቻ ላንሳ። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥሩ ይህ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በደምቢያ ወባ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር። ኮሌጁ የጤና መኮንን፣ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥኖ በቡድን በቡድን ወደየመንደሩ ይልክ ነበር። ተማሪዎቹ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ መጸዳጃ ያስቆፍራሉ። ለጉብኝት የማይመች ታሪክ ነው፤ መጸዳጃ ቤት ፊት ቆሞ ፎቶ የሚነሳ የለምና። ግን በጎንደር ታሪክ ውስጥ ‹‹ነዋሪው እንዴት ነው የሚኖረው?›› ብሎ ቤት ለቤት የጠየቀ ተቋም ከዚያ በፊት ነበር ለማለት ይከብዳል።

ከዚያ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አነስተኛው ኪራይ ተቀነሰ፤ ከመቶ ብር በታች የሚከራየው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ። በአንድ አዋጅ ተከራይና አከራይ ተፋቱ። ያን ዕለት ቤት ውስጥ የተገኘ ተከራይ ዕድሜ ልኩን ተጠቀመ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ግን ማን አሰበለት? የቀበሌ ቤቱ በዚያው ቁጥር ቆመ፤ ሰው እየበዛ፣ ግድግዳው እየዘመመ ሄደ። ከየግቢው ጥግ ክፍል መቀጠል ተጀመረ። ልጁ የሚኖርባት ዓይነት ክፍል ማለት ነው።

የቀበሌው መዝገብ ሌላ አገልግሎትም ነበረው። በቀይ ሽብር ዘመን፣ በሻለቃ መላኩ ተፈራ አስተዳደር፣ አንድ ወጣት የት እንደሚያድር ማወቅ ለቤት እደላ አልነበረም። የኔ ዕድሜ ሰው ‹‹ተመዝገብ›› ሲባል ልቡ ድንግጥ የሚለው በወላጆቹ ቤት ከሰማው የተነሳ ነው። የድብ ባሕሩ ልጅ ግን ‹‹መዝግቡኝ›› እያለ ነው የሚዞረው። አስቡት እንግዲህ። አንዱ ትውልድ ከመዝገብ ሸሽቶ ተደበቀ፤ ሌላው ትውልድ መዝገብ ፍለጋ ደጅ ይጠናል። ሁለቱም የፈለጉት አንድ ነገር ነበር፦ እኖርበታለሁ ባሉት ከተማ በሰላም ማደር።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ጎንደር 112,249 ሰው ነበራት። በ1999 ዓ.ም. 207,044 ሆነ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሊደረግ የታሰበው አራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ2010ም፣ በ2011ም ተራዘመ። ልጁ በ1999 የተቆጠረው ድብ ባሕር፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው። ጎንደር ቆጥራው አታውቅም። ያልቆጠርከውን ሰው ደግሞ ውሃ ስትመድብ አታስበውም፤ ቤት ስታቅድ አታስበውም። የአንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ ሄደ፤ በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የመገጭ ግድብ ከአሥር ዓመት በላይ ተጓተተ። ሰው ግን አልተጓተተም። በሊማሊሞ በኩል፣ በመተማ በኩል፣ በደብረ ታቦር በኩል እየገባ ነው። አንዱ ሥራ ፍለጋ፣ አንዱ ትምህርት ፍለጋ፣ አንዱ ጥይት ሸሽቶ።

እንግዲህ ልጁ ‹‹ድሮ ትመች ነበር›› ማለቱ ስሕተት ነው። ለማን ነው የተመቸችው? እያንዳንዱ ዘመን መጤውን የሚያሰፍርበት ሚዛን ነበረው። ማዕረግ፣ ሃይማኖት፣ ቀለም፣ የቀበሌ ዝርዝር። የዛሬው ሚዛን ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ ደግሞ ‹‹የማን ነህ?›› እንኳ ብሎ አይጠይቅም። ሆኖም ልጁ በአንድ ነገር አልተሳሳተም። ድሮ ቢያንስ ምስክር ነበር። የቆሎ ተማሪውን መምህሩ ያውቀዋል፤ ቤት ገዢዋን ጎረቤቶቿ ይመሰክሩላታል፤ አሽከሩን ጌታው ‹‹የኔ ነው›› ይለዋል። ልጁ ነጻ ሰው ነው፣ የማንም አሽከር አይደለም፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ነገር ግን ‹‹እዚህ ይኖራል›› የሚልለት አንድ ፊርማ አጥቷል።

መፍትሔው የሰማይ ያህል የራቀ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። አዲስ አበባ ወዲያው ምዝገባ ጀመረች። ሕጉ ወረቀት ላይ እንዳይቀር በየከተማው መሥራት አለበት፤ የተመዘገበ ውል ያለው ተከራይም የአከራዩን መልካም ፈቃድ ሳይለምን በዚያው ውል የነዋሪነት መታወቂያ ሊያወጣ ይገባል። አከራይም እንደ አራጣ አበዳሪ መታየቱ ይቅር። ብዙዎቹ ባላቸው የሞተባቸው፣ ጡረታቸው ለሳምንት የማይበቃ፣ ያቺን ክፍል ቀጥለው ነፍሳቸውን የያዙ እናቶች ናቸው። ግብሩ የሚያስደነግጣቸው ከሆነ ተከራዩን ይደብቁታል፤ ቀለል ካለላቸው ያስመዘግቡታል። የውሃ ፈረቃውም ቢሆን ቀኑና ሰዓቱ በየሰፈሩ ቢለጠፍ የሚጎዳ የለም። ውሃ ባይበዛ እንኳ እንቅልፍ ይበዛል።

ግንቡን አንጠግን አላልኩም። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ የሆነው የፋሲል ግቢ ሲታደስ እንደማንኛውም ጎንደሬ ደስ ይለኛል፤ መንገዱ ሲሰፋ፣ መብራቱ ሲደምቅም እንዲሁ። ግን ከተማ የቆመችው በግንብ ብቻ አይደለም። በደመቀው መብራት ሥር ባጃጁን አቁሞ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ልጅ አለ።

የልጁ ሁለት ጓደኞች በመተማ በኩል ወጥተዋል። አንዱ ደውሎለታል፤ የሌላው ወሬ የለም። ‹‹አንተስ አላሰብክም?›› አልኩት። ‹‹ሳላስብ እቀራለሁ? ግን ለሰባት ዓመት መንገዱን፣ ሰውን፣ ጉድጓዱን ሁሉ ያወቅሁት እዚህ ነው። ሌላ አገር ሄጄ እንደገና መጤ ልሁን?›› አለኝ። ይህ የአንድ የከተማ ሰው ንግግር ነው። የከተማዋን ጉድጓድ ሁሉ በጨለማ የሚያውቅ ሰው ጎንደሬ ካልሆነ ማን ነው ጎንደሬ?

ምስክር ከተፈለገ እኔ አለሁ። በዚህ ወር አዲስ ክፍል የገባችሁ፣ እናንተ ከድብ ባሕርም፣ ከጃናሞራም፣ ከጭልጋም የመጣችሁ ተከራዮች፣ አከራያችሁ ካላለ እኔ ልበላችሁ፦ ቤት ለእምቦሳ!